የፋሲካ ማግስት መርከብ

ወንጌላዊት ሀብተሥላሴ ሚልፒታስ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚገጣጥም ፋብሪካ የግዢ ክፍል ሠራተኛ ናት። እንጀራዋ ዋጋ መጠየቅ ነው። አመሉ ደግሞ ቢሮ አይቀርም፤ ሳን ሆዜ ቤቷ ድረስ ይከተላታል። ቲማቲም ስትገዛ እንኳ ያለፈው ሳምንት ስንት እንደነበር ካላስታወሰች እጇን አትዘረጋም። ስለዚህ ግንቦት ላይ ቤተሰቡን ሰብስባ በሚመጣው ዓመት የመርከብ ሽርሽር ለመሄድ ስታስብ፣ መጀመሪያ የያዛት የባሕሩ ነገር ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነበር፤ እውነት ቀድሞ የያዘ ሰው በርካሽ ይሄዳል ወይስ የሻጭ ወሬ ነው?

መርከቡን ያሰበችው ግን ለዋጋ ብላ አልነበረም። ልጇ ምሥጢር ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ ከዚያ አገሩን አቋርጣ ኮሌጅ ትገባለች። የወንጌላዊት አባት አቶ ሀብተሥላሴ ደግሞ ኦክላንድ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ብቻቸውን ይኖራሉ። ምሥጢር ሕፃን ሳለች፣ ወንጌላዊት የሌሊት ፈረቃ ስትገባ፣ ልጅቷን አዝለው ያስተኙ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እናትና ልጅ ወደ ሳን ሆዜ ከተዛወሩ ወዲህ ግን ነገሩ ሳሳ። ሲገናኙ አያት በአማርኛ ይጠይቃሉ፤ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ከዚያ ሁለቱም ፈገግ ብለው ወደ ምግባቸው ያቀረቅራሉ። ወንጌላዊት ይህን ስላየች፣ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ሁለቱ አንድ ሙሉ ሳምንት፣ ማንም ወደ ሥራ ሳይሮጥ፣ አብረው እንዲሆኑ ፈለገች። የፈለገችው ይኸው ነው።

ወንድሟ ክንፉ ሐሳቡን ሲሰማ ሳቀ። ክንፉ ኦክላንድ ነው የሚኖረው፤ መንገደኛ ያመላልሳል፤ ስለ ጉዞ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም።

«ገና ለሚመጣው ዓመት ካሁኑ? ሞኝ ነው የሚፈልጉት እኮ! ስንቱን ወደብ አድርሻለሁ መሰለሽ። እየሳቀ የሚሳፈረው ላስት ሚኒት የገዛው ነው። ክፍሉ ባዶውን ከሚሄድ በግማሽ ዋጋ ይጥሉታል።»

«ባዶ የሚቀረው ግን የትኛው ክፍል ነው? እሱን ጠይቀሃቸዋል?»

«ክፍል ክፍል ነው።»

«አይደለም። እኛ አራት ነን። መሀላቸው በር ያላቸው ሁለት ክፍሎች ነው የምፈልገው። አንተና አባባ ባንዱ፣ እኔና ምሥጢር ባንዱ።»

«እኔንም ቆጥረሽኛል?»

«ወደድክም ጠላህም።»

ከዚያ በኋላ ወንጌላዊት ሥራዬ ብላ ተያያዘችው። እራት ከተበላ በኋላ ኮምፒውተሯን ከፍታ የዛሬውን ዋጋ ከትናንቱ ታስተያያለች፤ የመርከቡ ድርጅት ጋ ደውላ ጥያቄ ታዥጎደጉዳለች። ያገኘችው ነገር እሷንም ገረማት። ዋጋው አንድ አቅጣጫ ይዞ የሚሄድ ነገር አይደለም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቀድሞ ለያዘ ሰው ግን አንድ መላ አለው፤ የመጨረሻው ክፍያ ሳይደርስ ዋጋው ከወረደ፣ ደውሎ ለጠየቀ ይቀንሱለታል። ላልጠየቀ ግን ማንም አይነግረውም። መሀላቸው በር ያላቸው ጥንድ ክፍሎች ደግሞ በመርከቡ ላይ ጥቂት ናቸው፤ ቀድመው የሚያልቁትም እነሱ ናቸው። ይህን ስትሰማ አላመነታችም። ቀብዱ ከሚመለሰውና ከማይመለሰው ታሪፍ የማይመለሰው ረከስ ይል ነበርና እሱን መረጠች። ሐሳቧን ላትቀይር ምን አስጨመራት!

ሳምንቱ የምሥጢር ትምህርት ቤት ለጸደይ የሚዘጋበት ነበር። ስልኳ ላይ የሚመጣውን ዓመት ኤፕሪል ገልጣ አየች፤ እሑዱ ላይ ፋሲካ ተጽፏል፤ መርከቡ ደግሞ ሰኞ ከሳን ፍራንሲስኮ ይነሣል። ከዚህ የተመቸ ከየት ይመጣል! ወዲያው አባቷ ጋ ደወለች።

«አባባ፣ የፋሲካ ማግስት ነው የምንነሣው።»

«ጾሙ ተፈቶ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ተፈቶ።»

«እንዲያ ከሆነማ ደስ ይለኛል። መርከቡ ላይ ክትፎ ይኖር ይሆን?»

«ክትፎ እንኳን አይመስለኝም። ሥጋው ግን እስኪበቃዎት ነው።»

በማግስቱ አለቃዋን ፈቃድ ጠየቀች። አለቃዋ ገና ዓመት ለሚቀረው ሳምንት ፈቃድ የጠየቀ ሰው አይቶ አያውቅምና፣ ሳቅ ብሎ ፈቀደላት። ክንፉም እያጉረመረመ ሳምንቱን ከሥራ ነፃ አደረገ።

መከር ላይ ዋጋው ወረደ። ወንጌላዊት ምሳዋን ትታ ደወለች፤ ቀነሱላት። ለክንፉ እንዴት አድርጋ እንደነገረችው እሷና ስልኳ ያውቃሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ክንፉ የባሰ የረከሰ ዋጋ አግኝቶ ፎቶ አንስቶ ላከላት፤ ሥራ ትታ ብታየው መስኮት የሌለው የሁለት ሰው ክፍል ነው። «ይሄ እኮ የልብስ ቁም ሣጥን ነው» ብላ መለሰችለት። ክርክሩ እንዲህ እንዲህ እያለ ገና አለፈ።

ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ የቀረውን ክፍያ ልታጠናቅቅ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ አባቷን ልትጠይቅ ኦክላንድ ሄደች። አቶ ሀብተሥላሴ አልጋቸው ላይ አዲስ ሸሚዝ ዘርግተው ጠበቋት።

«ይሄ ለመርከቡ ይሆናል?» አሉ።

«ሙሽራ ነው የሚያስመስልዎት።»

«እንግዲህ ሌሊቱን ቅዳሴ አድሬ፣ እሑድን ከእናንተ ጋር ገድፌ፣ ሰኞ ሚያዝያ አምስት ትወስጂኛለሽ።»

ወንጌላዊት በፈረንጅ የምታውቀውን ቀን ከሚያዝያ አምስት ጋር ልታገናኝ ሞከረች፤ አልገናኝ አላት። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ሄዳ ገለጠች። በእያንዳንዱ ቀን ሥር የእኛም የፈረንጅም ቀን ተጽፏል። መርከቡ የሚነሣበትን ሰኞ በጣቷ ፈለገችው፤ መጋቢት ሃያ ስምንት ነው። ሳምንቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር «ሰሙነ ሕማማት» ይላል። ፋሲካ ከሱ ቀጥሎ ባለው እሑድ ተቀምጧል።

ክው አለች። መርከቡን በያዘችበት ዓመት የፈረንጆቹና የእኛ ፋሲካ አንድ ቀን ውሎ ነበር፤ እሷ ኦክላንድ ዶሮ ወጥ ስትበላ፣ ጎረቤቶቿ ለልጆቻቸው እንቁላል ሲደብቁ ነበር። ሁለቱ እንደገና ሊለያዩ እንደሚችሉ ጭራሽ ትዝ አላላትም። ይህ ካላንደር ደግሞ የሚወጣው መስከረም ላይ ነው፤ እሷ ግንቦት ላይ ገዝታ ቁጭ ብላለች። መስከረምን ብትጠብቅ ኖሮ ባልተሳሳተች። ጎበዝ ነኝ ብላ መቅደሟ ነው ጉድ የሠራት።

«አባባ፣ ተሳስቻለሁ» አለች፤ ነገረቻቸው።

አዛውንቱ ሸሚዙን ቀስ ብለው አጠፉት። «አይዞሽ። እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ እጸልይላችኋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደዚያ አላለም።

መኪናዋ ውስጥ ሆና ድርጅቱ ጋ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ትሑት ናት፤ ነገሩ ግን ሊገባት አልቻለም።

«ማም፣ መርከቡ እኮ የሚነሣው ከኢስተር በኋላ ነው።»

«የእኛው ገና ነው።»

«የእናንተው? ስንት ኢስተር ነው ያለው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ወንጌላዊት ቁጭ ብላ ታስረዳት ነበር። ያን ዕለት ግን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ሳምንት ይገኛል ወይ? መርከብስ በየሳምንቱ አለ፤ ሳምንቱ ነው የጠፋው። ከእኛ ፋሲካ በኋላ ምሥጢር ትምህርት ቤት ትመለሳለች፤ ሰኔ ላይ እንደተመረቀች ኮሌጁ የበጋ ትምህርት ያስጀምራታል። ያለው ያ ሳምንት ብቻ ነበር። ቀብዱም አይመለስም።

በማግስቱ ማታ አባቷ ራሳቸው ደወሉ። «እመጣለሁ» አሉ። «ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ። ያቺን ልጅ ዳግመኛ መቼ አገኛታለሁ?»

ሱዳን በስደት ሳሉ እንኳ ሕማማትን ያላስታጎሉ ሰው ናቸው። ወንጌላዊት «አይሆንም አባባ፣ እኔ አላደርገውም» ብላ ስልኩን ዘጋችና ወጥ ቤት ቆማ አለቀሰች። አባቷን ከልጅ ልጃቸውና ከአምላካቸው አንዱን ይምረጡ ያለቻቸው ያህል ተሰማት።

ምሥጢር በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። አማርኛ ከምትናገረው በላይ ትሰማለች፤ እናቷ ይህን ዘወትር ትረሳዋለች። በእንግሊዝኛዋ ጠየቀች፤ አባባ የማይችሉት መርከቡን ነው ወይስ ሳምንቱን?

«መርከቡን ነዋ» አለች እናቷ።

«ሳምንቱ ግን አለ፣ ራይት? እኔ ትምህርት የለኝ። አንቺ ኦፍ ነሽ። አንክል ክንፉም ኦፍ ነው።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ስለዚህ አባባ ጋር እንሂድ። ቸርች እንሂድ፣ ከእሱ ጋር።»

ወንጌላዊት አሜሪካ ከገባች ጀምሮ አንድም የሕማማት ሳምንት ፈቃድ አግኝታ አታውቅም። ሁልጊዜ ሲደርስ ትጠይቃለች፤ ሌሎች ቀድመው ወስደውት ይገኛል፤ ስቅለት ዕለት ከሥራ ወጥታ ስትሮጥ ሕዝቡ እየተበተነ ትደርሳለች። ዘንድሮ ሳታስበው ሳምንቱ እጇ ላይ ነበር።

የመጨረሻው ክፍያ ቀን ሳይደርስ ጉዞውን ሰረዘች። ቀብዱ ቀልጦ ቀረ። ክንፉም የማሾፍ ዕድሉን አላሳለፈም።

የሕማማት ሰኞ ጠዋት ኦክላንድ ሲደርሱ ምሥጢር አያቷን ልትስም ሮጠች። አቶ ሀብተሥላሴ ሁለት እጃቸውን አንስተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«በሕማማት መሳሳም የለም!»

«ዋይ?» አለች ምሥጢር ደንግጣ።

«ይሁዳ ጌታን በመሳም ነው አሳልፎ የሰጠው። ስለዚህ እስከ ትንሣኤ አንሳሳምም፣ አንጨባበጥም።»

«ሙሉ ሳምንቱን? ቤቢ እንኳን አይሳምም?»

አዛውንቱ ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ቆመው አሰቡ። በዚያው ተጀመረ፤ መኪና ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሐሙስ ማታ ጉልባን ቀርቦ፣ ልጅቷ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ይመልሳሉ። መጋረጃው ለምን ጠቆረ? ሲሰገድ ግንባር ለምን መሬት ይነካል? ካልገባት በእንግሊዝኛ ትደግመዋለች፤ እሳቸውም ከቴሌቪዥን የለቀሟትን እንግሊዝኛ እየመዘዙ ይረዷታል። ከእሳቸው ጎን ሆና ሰገደች። በሁለተኛው ቀን እግሯ አልታዘዝ ብሏት ደረጃውን እየሳቀች በጎን ወረደች፤ አያቷም ሕማማት መሆኑን ረስተው ሳቁ። ወንጌላዊት ከኋላቸው ቆማ ታያቸዋለች፤ ደስታዋ ልክ የለውም።

ረቡዕ ዕለት ክንፉ ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ጠጋ አላት። «መርከቡ ሊነሣ ሲል ዋጋውን አይቼው ነበር» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እና?» ጆሮዋ ቆመ።

«የሁለት ሰው ክፍል፣ መስኮት የሌለው፣ ከግማሽ በታች። አንቺ የፈለግሻቸው ባለ በሮቹ ግን ከመከር ጀምሮ የሉም።»

«ሁለታችንም ልክ ነን ማለት ነው።»

«ወይም ሁለታችንም ተሳስተናል። ይኸው መኪና ማቆሚያ ላይ ነን።»

ስቅለት ዕለት ስግደቱ ሲያበቃ አቶ ሀብተሥላሴ ደክሟቸው ደጅ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ምሥጢር ጫማቸውን ልታመጣ ገባች። ወንጌላዊት ነጠላቸውን አስተካከለችላቸውና አጠገባቸው ቆመች። ወደሷ ቀና አሉ።

«የሚመጣው ዓመት ሕማማት መቼ እንደሚውል ቄሱን ጠይቄልሻለሁ። ካሁኑ ፈቃድ ጠይቂ» አሉ።

«አባባ፣ በሚመጣው ዓመት ምሥጢር እኮ የለችም። ኮሌጅ ናት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ያልኩት አንቺን ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ስቆም በበሩ በኩል እያየሁ የምጠብቀው አንቺን ነበር።»

ወንጌላዊት ዓመቱን ሙሉ እሳቸውን ከልጅቷ ጋር ላገናኝ ስትል፣ የጎደለችው እሷ ራሷ መሆኗ አንድም ቀን አልታያትም። አቅፋ ልትስማቸው ፈለገች፤ ሕማማት ነውና አልተቻለም። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ስልኳን አወጣች።

«ቀኑን ይንገሩኝ፣ አባባ» አለች።