ሯጩ ባሌና የመከለያው ጨረታ

ባሌን የሰፈሩ ሰው «ሯጩ» ይለዋል። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ቀጭን፣ ባለ ረጅም እግር ይመስለዋል። ባሌ ግን ሆዱ ከስፌት መኪናው ጋር እየተጋፋ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው። ስሙን ያወጣለት ጨረታ ነው። ማስታወቂያውን ጋዜጣ ላይ ሲያይ «ይሄን እንኳ አናጣውም!» ይልና አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። የመዝጊያው ቀን ሲደርስ ደግሞ እሳት የተነሣበት ይመስል ከቢሮ ቢሮ ይከንፋል። ያኔ ንግድ ፈቃዱ አልታደሰም፤ የታክስ ክሊራንሱ ጊዜው አልፏል፤ ማኅተሙን ማን እንዳነሣው አይታወቅም።

አንድ ቀን ለጤና ቢሮ የአልጋ አንሶላ ጨረታ እኔም ናሙናውን ተሸክሜ አብሬው ሮጥኩ። ስንደርስ ጥበቃው በሩ ላይ ቆሟል።

«ሳጥኑ ታሽጓል።»

«አሁን እኮ ነው የደረስነው!» አለ ባሌ እያለከለከ።

«የታሸገውም አሁን ነው» አለ ጥበቃው፣ ፊቱን ሳይቀይር።

ባሌ ሲከራከር እኔ እጄ ዝሎ ግድግዳውን ተደገፍኩ። አጠገቤ ባለው ሰሌዳ ላይ ረጅም ወረቀት ተለጥፏል፤ «የዓመቱ የግዥ ዕቅድ» ይላል። ሥራ ፈትቼ ማንበብ ጀመርኩ። ቢሮው በዓመቱ ውስጥ ምን ሊገዛ እንዳሰበ፣ በየትኛው ሩብ ዓመት፣ በምን ዓይነት ጨረታ፣ ሁሉም ተጽፏል። ሦስተኛው ሩብ ላይ «ለሆስፒታል የሕሙማን መከለያ፣ ከነብረቱና ከነጨርቁ» የሚል አየሁ። ጨርቁ የእኛ ሥራ ነው። ብረቱ ደግሞ ግድግዳ የምንጋራው በያጅ ሥራ ነው።

ገብቼ የግዥ ኃላፊዋን ጠየቅኳት። ወጣት ናት፤ ቶሎ አትስቅም።

«እናቴ፣ ይሄ ዕቅድ ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም» አለችኝ። «ሊዘገይ፣ ሊቀነስ፣ ሊሰረዝም ይችላል። ጨረታው ሲወጣም ለሁሉም እኩል ነው የሚወጣው። ከአሁኑ ልዘጋጅ ካሉ ግን ማን ይከለክልዎታል? ሰው እንዲያየው ብለን እኮ ነው የለጠፍነው።»

ማታ ለባሌና ለበያጁ ነገርኳቸው።

«መንግሥት ሊገዛ ያሰበውን አምነሽ ነው?» አለ ባሌ። «እኔም እኮ መኪና ልገዛ አስቤያለሁ።»

«እኔም ልከሳ ካሰብኩ ስንት ዘመኔ!» አለ በያጁ ሆዱን መታ መታ አድርጎ። ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁብኝ።

የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል። ባሌ አፍስሶ ለመልቀም እንኳ አልታደለም። ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጨረታ ሊያስገባ ሲሮጥ ደረጃ ላይ ወደቀና እግሩ ወለም አለ። ሆስፒታል ወሰድነው። ነርሷ መርፌ ልትወጋው አልጋው ዙሪያ መከለያ ጎተተች፤ የጎማው ብረት ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ። በጉልበት ብትስበው ጨርቁ ከላይ ተቀዶ ተንጠለጠለ። ባሌ ሱሪውን ዝቅ እንዳደረገ ቀና ቢል፣ ፊት ለፊቱ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያየዋል። አንዲት አሮጊት «አይዞህ ልጄ፣ አላየንም» አሉት።

«ይሄ መከለያ ነው ወይስ መስኮት?» ብሎ ጮኸ።

«እኛም ሰልችቶናል፣ አባቴ» አለች ነርሷ። «ጨርቁ ብረቱ ላይ ስለተሰፋ አውልቀን እንኳ አናጥበውም።»

 ቤት ስንደርስ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ «ያን ነገር መቼ ይገዛሉ ነበር ያልሽው?» አለኝ። እኔም ፊቴን አዙሬ ሳቅሁ።

መሮጥ ስላልቻለ መቀመጥ ግዴታው ሆነ፤ ሲቀመጥ ደግሞ ሥራ ያውቃል። ጨርቁ በቁልፍ የሚገባና የሚወልቅ እንዲሆን ቆረጠ፣ ሰፋ፣ ፈታ፣ እንደገና ሰፋ። በያጁ እያጉረመረመ ፍሬሙን ሠራ፤ ብረቱ የማይዝግ ጎማ ፍለጋ ሁለት ገበያ ዞረ። እኔ ፈቃዱን አሳደስኩ፣ ክሊራንሱን አወጣሁ፣ አቅራቢዎች መዝገብ ላይ ተመዘገብን። ከበያጁ ጋር አብረን እንደምንሠራም ውል ተፈራረምን። ባሌ ውሉን ሲፈርም «ከዚህ ሰውዬ ጋር ከመጋባት አይተናነስም» አለ።

ሦስተኛው ሩብ መጣ፤ ጨረታው ግን አልወጣም።

«እህቴ፣ መንግሥትን ቀጥረሽው ቀረብሽ?» ይለኛል በያጁ በየጠዋቱ፣ በግድግዳው ቀዳዳ።

ሰሌዳውን ሄጄ አየሁ። ዕቅዱ ተከልሷል። ግዥው ወደ አራተኛው ሩብ ተገፍቷል፤ ብዛቱም በግማሽ ቀንሷል። ስነግራቸው ባሌ መሬት መሬት አየ።

«አለቀልን» አለ።

«ምኑ አለቀ? ሙሉው ቢሆን በሁለት የስፌት መኪና ልታደርሰው ነበር? ትልልቆቹ ነጋዴዎች ለግማሹ ከአልጋቸው አይነሡም። አሁን ገና በልካችን ሆነ!»

እንዳልኩትም ሆነ፤ ጨረታው ሲወጣ የተወዳደርነው ጥቂቶች ነበርን። የተጠየቀው ዝርዝር ውስጥ ጨርቁ ለእጥበት የሚወልቅ ይሁን የሚል ነበረበት፤ የነርሶቹ እሮሮ ለካ ለእኛ ብቻ አልነበረም። ሰነዳችንን ቀኑ ሳይደርስ አስገባን። በመዝጊያው ዕለት ባሌ የሚያደርገው ጠፋው። ልብሱን ለባብሶ ቢሮው በር ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ ፖስታ ይዞ የሚሮጠውን ሁሉ «በርታ! በርታ ወንድሜ!» እያለ ሲያበረታታ ዋለ።

ሲከፈት በዋጋ ሁለተኛ ነበርን። ባሌ እጄን ጨብጦ «አይ፣ የኛ ዕድል!» አለ። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ናሙና ግን ጨርቁ ብረቱ ላይ የተሰፋ ነበርና ወደቀ። አሸናፊዎቹ እኛ ሆንን። ኃላፊዋ ያኔ እንኳ አልሳቀችም፤ «በጊዜው አድርሱ» ብቻ አለች።

ማድረሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ሁለት ሰፊዎች ቀጠርን፤ መብራት ሲጠፋ በያጁ ሲሳደብ፣ ባሌ ቁልፍ በእጁ ሲሰፋ ከረምን። በመጨረሻ ግን ሁሉንም ጭነን አስረከብን። ዋና ነርሷ አንዱን ጎተተች፤ ድምፅ ሳያሰማ ተንሸራተተ። ጨርቁን አወለቀች፣ መልሳ አስገባችና «ይበል!» አለች።

በባዶው ፒክአፕ ስንመለስ ባሌና በያጁ ከኋላ ተቀምጠው፣ ልንከፍተው ባሰብነው የጋራ ሱቅ ታፔላ ላይ የማን ሙያ ይቅደም ብለው መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቁ። «ያለ ብረት ጨርቅህ ይቆማል?» ይላል አንዱ። «ያለ ጨርቅ ብረትህ ምን ይከልላል?» ይላል ሌላው። እኔ ከሾፌሩ ጎን ተመቻችቼ ተቀመጥኩና መስኮቱን ዘጋሁባቸው።