ሰው ያልሞተበት ድንኳን

የእድራችን ድንኳን ቁልፍ የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሮቹም፣ ትልልቆቹ ድስቶችም ከብሎካችን ሥር ባለች አንዲት ክፍል ተጨናንቀው ይኖራሉ፤ የክፍሏ ባለሥልጣን ደግሞ እኔ ፀዳለ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቆመ ሰው ትንሽ ሹመት አይደለም።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ሰው በሩን ዘግቶ መኖር ለምዷል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደህና አድርጎ የሚገናኘው በዚያ ድንኳን ሥር ነው። የእድሩ ድንኳን ለሰርግ አይወጣም፤ ለለቅሶ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲተከል ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ ቀጥሎ ያለቅሳል፣ ሟቹን ከለቅሶው በኋላ ይደርስበታል።

ለዚህ ነው ሙፊዳ መጥታ «እትዬ ፀዳለ፣ ድንኳኑን ለቅዳሜ ቢያውሱኝ» ስትለኝ ደረቴን የያዝኩት።

«መይሙና ምን ሆነች?»

«እማዬ ደህና ናት፤ ሱቋ ናት።»

«ታዲያ ማንን ልንቀብር ነው?»

«ማንንም። ላስተምርበት ነው።»

ሙፊዳ የጎረቤቴ የመይሙና ልጅ ናት። እናቷ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ክርና ቁልፍ እየሸጠች ነው ያስተማረቻት። ከመምህራን ኮሌጅ ወጥታ ቦሌ በኩል ካለ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በረዳት መምህርትነት ስትቀጠር ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። ረዳት ማለት ምን እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው። ዋናዋ መምህርት ከውጭ የመጣች ናት። እሷ ስታስተምር ሙፊዳ እርሳስ ትቀርጻለች፣ አፍንጫ ትጠርጋለች። እሷ ስትቀር ሙፊዳ ታስተምራለች። እሷ ስትመለስ ሙፊዳ ወደ እርሳሷ ትመለሳለች።

«አንቺ ልጅ፣ እርሳሱ አላለቀም እንዴ?» እላታለሁ ደረጃ ላይ ስንገናኝ።

«አላለቀም እትዬ። እኔ ነኝ እያለቅሁ ያለሁት።»

አላለቀችም እንጂ። ከሥራ መልስ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ውጭ አገር ካለ ኮሌጅ የመምህርነት ሰርተፍኬት ትማር ነበር፤ የትም አገር ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ውስጥ በዋና መምህርነት የሚያስቀጥር። መይሙና በበኩሏ «ልጄ ከኮምፒውተር ጋር ኒካ አስራለች» እያለች ታማርር ነበር። ጽሑፉን ጨረሰች፣ ፈተናውን አለፈች። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ የኮሌጁ ገምጋሚ በኢንተርኔት እያየቻት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻዋን ማስተማር። ቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቅዳሜ ካለፋት ትምህርቱ እንደገና ከ«ሀ» ይጀመራል፤ ያ ማለት ደግሞ እንደገና እርሳስ።

ትምህርት ቤቷ አንድ ክፍል እንዲያውሳት ጠየቀች። የክፍል ኃላፊዋ በዕውቀቱ የሚባል የገዛ አገራችን ሰው ነው።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

ድምፁን አስመስላ ነገረችኝ። «‹ሙፊዳዬ፣ አንቺ ጎበዝ ረዳት ነሽ። ወላጅ ግን የሚከፍለው ከውጭ ለመጣ አንደበት ነው። ልጆቹን ለአንቺ ባስረክብ ነገ ምን ይሉኛል? ደግሞስ ምን አነሰሽ?›»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ክፍል ከከለከሉኝ ክፍል እሠራለሁ ብዬ ወጣሁ።» ቀጥላም «ቤታችንን ያውቁታል አይደል? አልጋው ላይ ካላስቀመጥኳቸው በቀር ልጆች አይይዝም» አለች።

ቁልፉን በራሴ ሥልጣን መስጠት አልችልም። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ገረሱ ጋ ወሰድኳት። ጋሽ ገረሱ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ዛሬም ድረስ ሰው ሲያናግራቸው መስታወት የሚያዩ ይመስል አንገታቸውን ያዞራሉ።

«አይሆንም» አሉ። «ሰው በቁሙ እያለ ድንኳን መትከል ሟርት ነው።»

ሙፊዳ አልተቀመጠችም። «ጋሼ፣ እኔ ስሞት ይህ ድንኳን ይተከልልኛል?»

«ምን ጥያቄ ነው? እንዴታ!»

«ስንት ቀን?»

«እንደ ደንቡ ነዋ፣ ሦስት ቀን።»

«እንግዲያው ከሦስቱ ቀን አንድ ከሰዓት ለቅዳሜ ስጡኝ። ሲደርስ ትቀንሱልኛላችሁ። ስሞትማ እኔ አላየውም፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የከፈለችበትን ጥላ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ልቀመጥበት።»

ጋሽ ገረሱ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ሳቅ ሲመጣብኝ የማደርገው እሱን ነው።

«ይህቺ ልጅ ረዳት ናት ያልሽኝ?» አሉ። «እሺ፣ አንድ ከሰዓት። ሰው እንዳይደነግጥ ግን በእድሩ ቴሌግራም ላይ እኔው ራሴ አስታውቃለሁ።»

ቅዳሜ በሁለቱ ብሎኮች መሀል ድንኳኑን ተከልን። ሙፊዳ የተጣለ የቁም ሳጥን በር ነጭ ቀብታ ሰሌዳ አድርጋዋለች። አግዳሚዎቹን ፊትና ኋላ ሳይሆን በግማሽ ክብ ደረደረቻቸው፤ እነዚያ ወንበሮች ከተገዙ ጀምሮ እንዲህ ተቀምጠው አያውቁም። ልጆቹ የሁለቱ ብሎክ ልጆች ናቸው፤ ታጥበው፣ ቅባት ተቀብተው፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውን ለብሰው መጡ። እኔ በር ላይ ዘበኛ ሆንኩ። ኮምፒውተሩ ላይ መነጽር ያደረገች ሴት ብቅ አለችና ፈገግ ብላ ድምፅዋን አጠፋች።

ሙፊዳ በእንግሊዝኛ ጀመረች። እንግሊዝኛዬ እንኳን ለገምጋሚ ለታክሲ ረዳትም አይበቃም፤ ልጆቹ ሲጨንቃቸው ወደ አማርኛ ስለምትመልሰው ግን ተከተልኩ። ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለችው፤ በአንድ በኩል «ያየነው»፣ በሌላው በኩል «የገመትነው»። ከዚያ አንድ የራሰ ጫማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምን አያችሁ?»

«እርጥብ ጫማ!»

«ምን ገመታችሁ?»

«ዝናብ መቶት ነው!» አለ አንዱ።

«ታጥቦ ነው!»

«ሽንት ነው!» አለች ናዝሬት፣ የሦስተኛ ፎቋ፣ ምላሷ ከሁሉም የሚረዝመው።

«ሊሆን ይችላል» አለች ሙፊዳ ሳትስቅ፤ ሽንቱንም ጻፈችው። «አሁን የትኛው እውነት እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

ናዝሬት ልታሸት ወደ ጫማው ጎንበስ ስትል ነው ከብሎኩ ማዶ ያ ድምፅ የመጣው።

«ወይኔ መይሙናዬ! ወይኔ እህቴን! ሳልሰናበትሽ!»

የሻረግ ናት። የሻረግ ስታለቅስ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ ይሰማል፤ በልደታ አልቃሽ ቢመረጥ ተወዳዳሪ የላትም። ሙፊዳ ድንኳን ስታስተክል አይታ የሞተችው እናቷ ናት ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች፣ ከነሱ ኋላ ወንበር የተሸከሙ ወንዶች። ሮጬ እጄን ዘረጋሁ። «የሻረግ፣ ዝም በይ! ሰው አልሞተም!» እሷ ግን እያጽናናኋት መስሏት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አይዞሽ ፀዳለ! አንቺም ብቻሽን ቀረሽ!»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ሴት ድምፅዋን ከፍታ አንድ ነገር ተናገረች። በኋላ እንደሰማሁት «ሐዘን ከሆነ ማቋረጥ ትችያለሽ፤ ያልተጠናቀቀ ብዬ እመዘግበዋለሁ» ነው ያለቻት። እኔ ያኔ ያየሁት የሙፊዳን ፊት ነው። የዚያን ሁሉ ጊዜ ድካም በአንድ የየሻረግ ጩኸት ሲሄድ አየችው። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሻሿን አጠበቀችና በእንግሊዝኛ አጭር መልስ ሰጠች፤ ወዲያው ወደ እኛ ዞራ በአማርኛ ደገመችው።

«አላቋርጥም። ማንም አልሞተም። እትዬ የሻረግ፣ ይግቡና ይቀመጡ። ሁላችሁም ግቡ። ትምህርት ላይ ነን።»

የሻረግ ለቅሶዋን መሀል ላይ አቋረጠች። ገብታ ከልጆቹ ጎን ተቀመጠች።

ሙፊዳ ያለቀሰውን ልጅ እቅፏ ውስጥ አድርጋ ሰሌዳውን አሳየች። «እሺ። እትዬ የሻረግ ምን አዩ?»

«ድንኳን!» አሉ ልጆቹ።

«ምን ገመቱ?»

«እማማ መይሙና ሞተች ብለው!»

ልክ በዚህ ጊዜ መይሙና ራሷ፣ ሱቋን ቀደም ብላ ዘግታ የልጇን ትምህርት ልታይ ስትቻኮል፣ በድንኳኑ በር ገባች። ያ ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው አፉን ከፍቶ አያት።

«አስታግፊሩላህ! ማን ሞተ?» አለች።

«አንቺ!» አለች የሻረግ።

«እኔ? ወላሂ አልነገሩኝም!»

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፤ ያ ልጅ እንኳ እንባው ጉንጩ ላይ እያለ ሳቀ። ሙፊዳ ሳቁን አልቆረጠችውም፤ ሲደክም ጠብቃ ጠየቀች። «እትዬ የሻረግ ከማልቀሳቸው በፊት ለማረጋገጥ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?»

«የእማማ መይሙናን በር ማንኳኳት» አለች ናዝሬት።

«ደግሞ ስልክ መደወል!»

«እኔማ ብትጠይቂኝ አለሁ እልሽ ነበር» አለች መይሙና።

የሻረግ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትሸነፍ አይደለችም። «ቆይ እንጂ፣ ልጆች! በዚህ ግቢ የእድር ድንኳን አይቼ ምን ልበል? ደግሞ ማስታወቂያ ወጥቷል እኮ!» ስልኳን አወጣች። ጋሽ ገረሱ የጻፉት «ቅዳሜ ከሰዓት ድንኳን ስለሚተከል አባላት እንድታውቁት» ነው። «ሰው አልሞተም» የምትለዋን ለመጻፍ ጣታቸው ሰንፏል።

«እትዬ የሻረግ የገመቱት ያለ ምክንያት አይደለም» አለች ሙፊዳ። «ብዙ ጊዜ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ግን ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ሁልጊዜ ይሆናል?»

«አይሆንም!»

እስኪያልቅ ለቀስተኛው ሁሉ ተማረ። የሻረግ እጅ አውጥታ ሁለት ጊዜ መለሰች፤ አንዱን አገኘችው።

ሙፊዳ አለፈች። ገምጋሚዋ ከደነገጠው ልጅ አያያዝ ጀምሮ ሁሉንም ወድዳለች። ሰርተፍኬቱ የመጣ ሳምንት እኔ ቤት ምስር ስንለቅም በዕውቀቱ ደወለ። ሙፊዳ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው፤ ነገር እንደምወድ ታውቃለች።

«ሙፊዳዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ዕድልሽ ደርሷል። ዋናዋ መምህርት ልትለቅ ነው፤ ክፍሉን አንቺ ትይዢልናለሽ።»

«በምን ስም?»

«ለጊዜው በረዳትነትሽ እንደሆንሽ ነው። ወላጆቹ ይልመዱሽና እናየዋለን።»

«አቶ በዕውቀቱ፣ እኔን ሲያዩ ምን ያያሉ?»

«እንዴት ማለት?»

«መምህሯ በቀረች ቁጥር ክፍል ስመራ አይተዋል። ልጆቹ ሲያነቡልኝ አይተዋል። ወላጅ አይወዳትም ያሉት ግን ግምት ነው። አንድ ወላጅ ጠይቀዋል?»

እኔ ምስሩን ትቼ ስልኩን ማየት ጀመርኩ፤ ከስልኩ የሚወጣ ይመስል።

«እንዲህማ አይባልም» አለ በመጨረሻ። «ለቅጥር ሲሆን ሰው ትንሽ ዝቅ ይላል።»

«ዝቅ ብዬ ቆይቻለሁ፤ እርሳስ የሚቀረጸው ዝቅ ብሎ ነው። በዋና መምህርትነት ከሆነ ሰኞ ክፍሉ ፊት እቆማለሁ። ካልሆነ መልቀቂያዬን አስገባለሁ።»

«ላስብበት።»

«ያስቡበት» አለችና ዘጋችው። ከዚያ የተለቀመውን ምስር መልሳ ከጠጠሩ ጋር ስትደባልቀው ተቀብያት እኔ ለቀምኩ።

«ፈራሽ?» አልኳት።

«በጣም።»

«ታዲያ ምነው እንደዚያ አናገርሽው?»

«ፈርቼም ቢሆን መጠየቅ ነበረብኝ እትዬ።»

በዕውቀቱ አልደወለም። ሰኞ ሙፊዳ መልቀቂያዋን አስገባች። መይሙና «የያዝሽውን ጥለሽ!» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈቻት። ሙፊዳ ግን ሳር ቤት በኩል ወዳለ ሌላ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ሄደች። ስታስተምር የተቀረጸ ካለሽ አሳዪን ሲሏት ያንን የቅዳሜውን ከነ የሻረግ ለቅሶ ምንም ሳትቆርጥ ከፈተችላቸው። እኔ ብሆን ለቅሶውን እቆርጠው ነበር። እሷ «ሰፈሬም ክፍሌም ይኸው ነው» ብላ አስቀመጠችላቸው። የሁለተኛ ክፍል ዋና መምህርት አድርገው ቀጠሯት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ገረሱ በእድሩ ቴሌግራም ላይ ጽፈዋል፤ «የመይሙና ልጅ ሙፊዳ ዋና መምህርት ሆናለች። ድንኳን አይተከልም። ሰው አልሞተም።»

ትንሽ ቆይቶ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁና በሬን ገርበብ አደረግሁ። የሻረግ ናት፤ ነጠላዋን እንደ በዓል ለብሳ መይሙና በር ላይ ቆማለች። አንኳኳች፣ ጠበቀች፣ ደግማ አንኳኳች።

«ወሬውስ መልካም ነው» አለችኝ ዞር ብላ፣ «ጋሽ ገረሱ የጻፉትን ግን ሳላረጋግጥ እልል አልልም።»