መሪው እስኪቃና

መዲና ከኩሽናው ወደ ጋራዡ የሚያስገባውን በር ስትከፍት ታናሽ ወንድሟ ሰላሁዲን አሮጌዋን ቮልስ በክሪክ አንስቶ ከሥር ተኝቷል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"መሪው እኮ ተጣሟል" አላት። "ትናንት ከኤርፖርት ለቀስተኛ ሳመጣ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ወደ ግራ ዞሮ ይቀመጣል። ላቃናው ብዬ ነው።"

ባሏ ዓብዱልጀባር ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ ሶዶ በሚባለው ሰፈር ካለው መጋዘን ውስጥ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። ከከተማው ዳር ቡሪየን ያለው ቤታቸው በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶቹ ሳሎን፣ ወንዶቹ ምድር ቤት ሆነው ደግነቱን ያወራሉ። እሷ ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀውን ዒዳ ገብታለች፤ አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤት አትወጣም። ጋራዡ ከቤቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆነ መራመድ የሚፈቀድላት እስከዚያ ነው።

ዓብዱልጀባር ቮልሷን የገዛት እሷ ከአዲስ አበባ በመጣች በወሩ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ያን ጊዜ መንዳት እንዲያስተምራት ጠየቀችው። መሪው ይቃና አላት፤ በተጣመመ መሪ የለመደ እጅ ይበላሻል አላት። አመነችው። በየክረምቱ ስትጠይቀው አንዴ ዕቃው የለም፣ አንዴ ሥራው ብዙ ቀን ይፈጃል ይላታል። እስከዚያው አልጋ ወደምታነጥፍበት ሆቴል ያደርሳታል፣ ይመልሳታል። ገበያም፣ ሐኪም ቤትም፣ ጓደኛዋ ሃዲያ ቤትም የሚወስዳት እሱ ነው። አንድ ቀን ሳትነግረው በአውቶቡስ መጥታ ስትዘገይ ፌርማታው ላይ በዝናብ ርሶ ቆሞ አገኘችው። አልተቆጣም። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታስጨንቀው ብቻ ለመናት። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ አልተሳፈረችም።

"ብዙ ቀን ይፈጃል አይደል?" አለችው ወንድሟን።

"ኧረ አንድ ሰዓትም አይሞላ። አንዳንዱ መሪውን ነቅሎ፣ አዙሮ ይሰካዋል፤ እሱ ስህተት ነው። መሪውን መሃል ላይ ታስሪውና ጎማዎቹን የያዙትን ሁለቱን ዘንጎች፣ ግራውን ያሳጠርሽውን ያህል ቀኙን ታስረዝሚያለሽ። በቃ።"

"ማን አስተማረህ?"

"ማን ያስተምረኛል፣ ባልሽ ነዋ። አዲስ አበባ እሱ ጋራዥ ስሠራ።"

መዲና በሩን ተደገፈች። ከሳሎን ሃዲያ፣ ሚስቱን እንደ ዓብዱልጀባር የሚንከባከብ ባል አይታ እንደማታውቅ ለእንግዶቹ ስትናገር ይሰማል። ሴቶቹ እውነት ነው አሉ። መዲና በዚህ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ሥራ ስድስት ዓመት መጠበቋን የምትነግረው አንድ ሰው ፈለገች፤ አጣች። ብታለቅስ ናፍቆት ይመስላቸዋል። ናፍቆትም ነበረበት፤ ለይታ ማውጣት አልቻለችም።

ሰላሁዲን የዘንጎቹን ዳዶዎች አጥብቆ መኪናዋን ከክሪክ አወረደ። ሰፈሩን አንዴ ዞሮባት ተመለሰና ጋራዡ ውስጥ ፓርክ አደረጋት።

"ቀጥ ብሏል። እንግዲህ፣ ዒዳሽን ስትጨርሺ እኔው አስተምርሻለሁ" አላት ደስ ብሎት።

እሱ እጁን ሊታጠብ ሲገባ የሹፌሩን በር ከፍታ ተቀመጠች። እዚያ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ፍሪሲዮኑን ልትረግጥ እግሯን ብትዘረጋ አልደረሰም፤ ወንበሩ ዓብዱልጀባር እንዳስተካከለው ወደ ኋላ የራቀ ነው፤ ሰላሁዲንም ቁመታቸው አንድ ስለሆነ አልነካውም። ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር በእጇ ፈልጋ ማስለቀቂያውን ሳበችው። ወንበሩ ሲጢጥ እያለ ወደ ፊት መጣ። ረገጠች፤ እስከ ታች ወረደላት።

መሪውን በሁለት እጇ ያዘች።

ሳሎን ስሟን ሲጠሩ ሰማች። ማስለቀቂያውን እንደገና ያዘችና በጀርባዋ ገፍታ ወንበሩን ለባሏ እግር ልክ መለሰችው።