የወይራ ዘይት የጠጣው ፊልትሮ

ረጀብ አጥብቆ የያዘውን የብረት ቀለበት፣ ፋሼታውን፣ በካቻቢቴ አላልቶ የአየር ፊልትሮውን ከካርቡራቶሩ አፍ ሲነቅለው ነጭ ዱቄት ጉልበቱ ላይ ቦነነ። አሸዋ መስሎት ነበር። በዚህ አገር ፊልትሮ ውስጥ ከአሸዋ ሌላ ምን ይገባል? በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ቀመሰው። ጨው ነው።

"ሲ ላዝሃር፣ ሞተሩን የጨው ሜዳው ላይ ነድተውታል እንዴ?"

ሽማግሌው የሞተሩ ባለቤት የጋራዡ ደፍ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ፉት ይላሉ። "እኔ? ከቤቴ ወደ ተምር እርሻዬ፣ ከእርሻዬ ወደ ቤቴ። እዚያ ጉድ ውስጥ ምን ጥዬ?"

እውነታቸውን ነው። ከመንደሩ በስተምዕራብ ያለው የጨው ሜዳ ላዩ ድንጋይ፣ ሥሩ ጭቃ ነው፤ መንገድ ስቶ የገባበትን አይመልስም። የዛሬ አራት ዓመት የረጀብን ታናሽ ወንድም ዙሄይርን ከነሞተሩ የበላው እሱ ነው። ዙሄይር አቋርጬ ቂቢሊ ከተማ እገባለሁ ብሎ ወጣ። የጎማው ዱካ እስከ ሜዳው መሃል ድረስ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ዱካም የለ፣ ሰውም የለ።

ነገ ዓርብ ነው። ነገ አስከሬኑ ላልተገኘው ዙሄይር በመስጊድ የሙት ሶላት ይሰገድለታል። ኢማሙን ያነጋገረው ረጀብ ራሱ ነው። እናቱንም እሺ እስኪሉ ድረስ መድረሻ አሳጥቷቸዋል። ምን ያድርግ? የወንድሙ ሚስት ነዚሃ ባል አላት እንዳይባል የላትም፣ መበለት ናት እንዳይባል መርዶ አልተነገራትም፤ ወጣትነቷ በከንቱ እያለፈ ነው። እናቱም እስከ ዛሬ የልጃቸውን ድርሻ ኩስኩስ ከድነው ያሳድራሉ። ይብቃ አለ። የዙሄይርንም ዕቃ ከመደርደሪያው አውርዶ ለሚፈልገው ሁሉ አደለ።

ይህ ፊልትሮ ከዚያ ዕቃ አንዱ ነበር። ወንድማማቾቹ ከገበያ ጥንድ ገዝተው አንዱ ከዙሄይር ጋር ሄደ፣ ሌላው መደርደሪያ ላይ ቀረ። ባለፈው ወር የሲ ላዝሃር ሞተር የፊልትሮ ሣጥኑ ተሰባብሮ ሲመጣ፣ ረጀብ ሣጥኑን አውጥቶ ጣለና ይህን ሾጣጣ ስፖንጅ ገጠመላቸው። ካርቡራቶሩንም አዲሱ ፊልትሮ በሚያስገባው አየር ልክ አስተካከለው።

አሁን ፊልትሮውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ክው አለ።

እሱ የቀባው ቀዩን፣ እጅ ላይ ተጣብቆ አልለቅ የሚለውን የፊልትሮ ዘይት ነው። የሚሸተው ግን የወይራ ዘይት ነው። በመንደሩ ውስጥ ስፖንጅ በወይራ ዘይት የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ረጀብ ስንት ጊዜ ጮኾበታል፤ ሰላጣ ነው እንዴ የምትሠራው፣ ይሄ ቀጭን ነው፣ ሲሞቅ ይፈስሳል፣ አቧራ አይዝም እያለ። ዙሄይርን መምከር ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እኛ በእሱ አድገን የለ፣ ሞተሩም ይደግ ብሎ ይስቃል።

"ማነው የከፈተው?"

ሲ ላዝሃር ብርጭቆውን አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የግቢያቸውን በር ማታ ማታ የሚቆልፉት ራሳቸው ናቸው። የበሩም የሞተሩም ቁልፍ ትራሳቸው ሥር ያድራል። ጠዋት ሲነሱ ግን ሞተሩ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይጠብቃቸዋል፤ ጭስ ማውጫውን ሲነኩት ለብ ይላል።

"ሌባ ነው እንዳልል፣ ሌባ መልሶ አያቆምም።"

"ግቢዎ ያለው ውሻስ? አይጮህም?"

"እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው ልጄ። ጭራው በርሜሉን ሲመታ ተኝቼ እሰማዋለሁ፣ ደስ ብሎት። ያ ውሻ ለእኔ ለባለቤቱ እንኳ ጭራውን አይቆላም። ቡችላ ሆኖ አምጥቶ ያሳደገው ወንድምህ ነው፤ እርሻዬ ላይ ሲሠራ።"

ረጀብ ያሰበውን ማመን ፈራ። ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና የጠረጠረው ሰውን ነው፤ እናቱን። ፊልትሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ገባ።

እናቱ መብሩካ ለነገ የሚበስለውን ሽንብራ እየለቀሙ ነበር። ሶላቱን ጠልተሽ ነው ይሄን የምታደርጊው ብሎ በግልጽ ጠየቃቸው። ፊልትሮውን ተቀብለው አሸተቱት፤ አሁንም ደግመው አሸተቱት። ምንም አልደነገጡም።

"የእኛ ዘይት ነው፣" አሉ። "የጉድጓዷ ዛፍ።"

ጉድጓዱ አጠገብ የነበረችው ወይራ ዙሄይር በጠፋበት ዓመት ደርቃለች። የመጨረሻ ዘይቷን በአንድ ጠርሙስ አኑረዋል፤ ለበዓል እንኳ አይነኩትም።

"ጠርሙሱ መጉደል ከጀመረ ሰነበተ። አይጥ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

"እማ፣ አይጥ ዘይት ጠጥቶ ቡሹን ይመልሳል?"

"አይመልስም፣" አሉት። "እኔ ግን ካንተ ጋር መከራከር ደከመኝ። ይሰገድለት አልክ፣ እሺ አልኩ።"

ተነሥተው ጠርሙሱን ከመስኮቱ ላይ አወረዱና እጁ ላይ አኖሩለት። ከግማሽ በታች ነበር።

ረጀብ ጠርሙሱን ይዞ ግቢው መሃል ቆመ። መጀመሪያ የፈራው ወንድሙ እየመጣ እንዳይሆን ነበር። አሁን የፈራው ነገ ከተሰገደለት በኋላ መምጣቱን እንዳይተው ነው።

ጋራዡ ተመልሶ ስፖንጁን በነጭ ጋዝ አጠበው፤ እንዳይቀደድ ሳይጠመዝዝ እየተጫነ ጨመቀው። በሳሙና ውሃ ደገመው፤ ጥላ ላይ ሰቅሎ አደረቀው። ሲ ላዝሃር የዐስርን ሶላት ሰግደው ሲመለሱ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ቀዩ ዘይት ሄዶ ነበር። መለሰው። የወይራውን ዘይት መዳፉ ላይ አፈሰሰና ለስፖንጁ እያጠጣ፣ ጠብታ እስኪያቆም ድረስ በሁለት እጁ ጨመቀው። ከዚያ ካርቡራቶሩ አፍ ላይ መልሶ ገጠመው፤ ፋሼታውን አጠበቀ።

"አንተም ሰላጣ ጀመርክ?" አሉ ሲ ላዝሃር። መሳቅ ፈልገው አልሆነላቸውም። "የነገውስ ነገር?"

"አሁን ኢማሙ ጋ እሄዳለሁ። ለሌላ ዓርብ ይቆይ እላቸዋለሁ።" ለነዚሃ ምን ብሎ እንደሚነግራት ግን አያውቅም፤ ከሁሉ የከበደውም እሱ ነው። እጁን በጨርቁ ጠረገ። "ሲ ላዝሃር፣ ዛሬ በሩን አይቆልፉት። የሞተሩንም ቁልፍ እዚያው ላዩ ላይ ይተዉት።"

ሽማግሌው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቤንዚኑንም ሞልቼዋለሁ፣" አለ ረጀብ። "መንገዱ ሩቅ ነው።"