የአቸቶው እናት

አባይነህ ጣሳውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ወዲያው ዓይኑ ፈጠጠ። መዋጡን ውጦታልና ሊተፋው አልቻለም፤ ምሰሶውን ተደግፎ እየሳለ በቡጢ ደረቱን ይደቃ ጀመር።

«ምንድን ነው ያጠጣሽኝ?»

«ማን አጠጣህ?» አለች ሚስቱ የትምወርቅ ከደጅ እየገባች። «ሰርቀህ ጠጣህ እንጂ።»

«የአፕል ጠጅ መስሎኝ ነዋ!»

«ከወር በፊት ብትሰርቅ ኖሮ ጠጅ በሆነልህ። አሁን አቸቶ ሆኗል።»

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ መጨረሻ ነው። በረዶ ወረደና በየትምወርቅ ጓሮ ያሉትን ስድስት የአፕል ዛፎች ፍሬ አራገፈው። የተፈነከተ አፕል ራቤል ገበያ ላይ የሚገዛው የለም፤ በጎቹም በልተው በልተው ሰለቹት። የግብርና ባለሙያዋ እስከዳር «ለምን አቸቶ አያደርጉትም?» አለቻት። «ከትፈው በስኳር ውኃ ይዘፍዝፉት፣ በስስ ጨርቅ ሸፍነው ሙቅ ቦታ ያስቀምጡት። ከዚያ በኋላ መታገሥ ነው።»

የጊሼ ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። በቤቱ ሙቅ የሚባለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከምድጃው ጥግ የጠላው ጋን የተተከለበት ነው። የትምወርቅ አፕሉን የዘፈዘፈችበትን እንስራ ከጋኑ ጎን አስጠጋችው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። የትምወርቅ በጠላዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሟ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። ለኅዳር ጽዮን የሚጠጣውን የማኅበር ጠላ የምትጠምቀውም እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ግን ገብስ ለማጨድ በደቦ የመጡት ሰዎች አንዳንድ ዋንጫ ቀምሰው፣ እርስ በርስ ተያይተው፣ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሡ። በዚያ አገር ጠላ እያለ በፀሐይ የተነሣ ደቦ ታይቶ አይታወቅም። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ «የትምወርቅን ዓይን በላት» አለ።

አባይነህ ሳሉን ሳይጨርስ ሁለት ሰዎች ደጃፉ ላይ ቆሙ። አንዱ የማኅበሩ ካህን መምሬ መርስዔ ኃዘን ናቸው፤ ጸበል በጀሪካን ይዘዋል። ከኋላቸው ያሉት ደግሞ የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ የሚፈሯቸው ጎረቤት፣ እትዬ አመተሥላሴ ናቸው።

«ልጄ፣ አትደንግጪ» አሉ እትዬ አመተሥላሴ። «ጋኑን አስረጭተን እንሄዳለን።»

መምሬ ጋኑን ዞረው ረጩ። እግረ መንገዳቸውን እንስራውንም ሊረጩ ጨርቁን ገለጥ አደረጉ። ላዩ ላይ እንደ እርጥብ ቆዳ የሚያሟልጭ፣ ነጣ ያለ ወፍራም ነገር ተንሳፍፏል።

«በስመ አብ!» አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ይህ ምንድን ነው?»

«እናቱ ናት አባቴ።»

«የማን እናት?»

«የአቸቶው። እስከዳር ናት እንዲህ ያለችኝ። እሷ ከሌለች አቸቶ አይሆንም።»

እትዬ አመተሥላሴ አማተቡ። «እናቱስ ይቺው ናት፤ አባቱን እግዜር ይወቀው!»

መምሬ ጠጋ ብለው አሸተቱ፤ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ፊታቸው ተጨማደደ። ትንሽ ቆይተው ደግመው ቀመሱ።

«ይህማ ወንጌሉ ‹ብሒእ› የሚለው ነው» አሉ ሴቶቹን ለማረጋጋት ብለው። «ለጌታ በመስቀል ላይ ያቀረቡለት።»

«ወይኔ!» እትዬ አመተሥላሴ መደቡ ላይ ዘጭ አሉ። «ጌታን ያስጎነጩትን ነው ከጽዮን ጠላ አጠገብ የምታስቀምጪው?»

የትምወርቅ ዝም ብትል ይሻላት ነበር፤ አላስቻላትም። «ጠላውን ያኮመጠጠው ዓይን አይደለም እትዬ፤ አቸቶው ነው። ጎን ለጎን አይሆኑም። እኔም የሰማሁት ዘግይቼ ነው።»

«እንግዲያው ቀላል ነው። ዛሬውኑ ድፊውና ጋኑን አጥነሽ ጥንስሱን ጀምሪ።»

«ጋጣ ብታስገባውስ?» አሉ መምሬ፣ ጣታቸውን እየላሱ።

«እናቲቱን ብርድ ይገድላታል አባቴ።»

የትምወርቅ ጋኑን አየችው። ሃያ ዓመት ጠንስሳለች፣ ደፍድፋለች፣ ቀድታለች፤ «አንድ ዋንጫ ብቻ» እያለ የማይነሣውን ሁሉ ቆማ አሳልፋለች። ከእንስራው ግን ቅጂልኝ ያላት የለም። በየጠዋቱ ጨርቁን ገልጣ የምትቀምሰው ራሷ ናት። ትናንት ምላሷን ቆንጠጥ ሲያደርጋት ደስ ብሏት ብቻዋን ስቃለች። ጠላ ቀምሳ እንዲህ ያለ ደስታ የተሰማት መቼ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

«እትዬ፣ ከምድጃዎ አጠገብ ቦታ አለ?»

«አለ። ምነው?»

«አባይነህ፣ በል ጋኑን ተሸከምና እትዬ ቤት አድርስ። የዘንድሮው የጽዮን ጠላ እዚያ ይጠመቅ። ብቅሉንም ጌሾውንም እኔ እሰጣለሁ፤ መጥቼም አግዛለሁ።»

የአባይነህ ሳል በአንዴ ቆመ። «ጋኑን? እኔስ ምን ልጠጣ ነው?»

«የእትዬ ቤት ሩቅ አይደለም።»

«አስቢበት ልጄ» አሉ መምሬ። «ጋን ከቤት ወጣ ማለት እንግዳም አብሮት ወጣ ማለት ነው።»

«አስቤበታለሁ አባቴ።»

አባይነህ ጋኑን በገመድ ጠፍሮ እያቃሰተ ወጣ። እትዬ አመተሥላሴ የሚያስቆጣቸው ይሁን የሚያኮራቸው ሳይለይላቸው «ቀስ! እንዳትሰብረው!» እያሉ ተከተሉት። መምሬ ብቻ በሩ ላይ ዘገዩ።

«ለጾሙ ጎመን... ጠብ ቢደረግበት ምን ይመስልሻል?»

«ጠርሙስ ይላኩ አባቴ።»

ብቻዋን ስትቀር ጋኑ የነበረበትን አመዳም ክብ ጠረገች። ከዚያ እንስራውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እናቲቱ እንዳትናወጥ በዝግታ እየጎተተች፣ ልክ እዚያ ላይ አስቀመጠችው።