ጤና አዳም በባዶ ሆድ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የዘንድሮው ጉድ ግን ችኩል ነበር መሰል፣ ገና በነሐሴ አጋማሽ በነጭ መኪና ተጭኖ፣ ጭቃውን እየፈራ፣ ቡራዩ ድንቅቱ ደጅ ድረስ መጣ።

ድንቅቱ ስልሳ ዓመት ያለፋት ባልቴት ናት። ከቤቷ ጓሮ እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳርና ጤና አዳም አላት። እናቷ የተከለችውን እያራባች ለገበያ ስታወጣ አርባ ዓመት ሆኗታል። ምች የመታው ሁሉ አጥሯን አልፎ ዳማከሴ ይቀጥፋል፤ ከልክላ አታውቅም። አፏ ግን ለከት የለውም። ቅጠሉን የወሰደ ሁሉ ስድቡን ተመርቆለት ነው የሚሄደው። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል፤ ድንቅቱ ውጣ ካለችህ ቁጭ በል፣ ጠጣው ካለችህ ድፋው ይባባላል።

ይሄ አፏ ታዲያ ቤቷን ያቀዘቀዘበት ቀን አለ። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ሚልኬሳ፤ ሱሉልታ ለአንድ የውሃ ፋብሪካ የጭነት መኪና ይነዳል። እዚያው ቢሮ የምትሠራው ሚስቱ ላሊሴ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ አስወረዳት። በሁለተኛው ጎረቤት ሊያጽናና ተሰብስቦ ሳለ ድንቅቱ፣ ይሄ ማህፀን ነው ወንፊት አለች። ተናግራ ሳትጨርስ ቆጫት፤ ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።  ከዚያ ወዲህ ላሊሴ ቡራዩን አልረገጠችም፤ በስልክም ከሰላምታ ያለፈ ነገር አታወራትም። ድንቅቱ የልጅ ልጅ ሳታቅፍ እንዳትሞት ለማርያም ተስላለች። ይቅርታ መጠየቁ ግን ከስለቱ ከበዳት።

ወደ ጉዱ እንመለስ። ከመኪናው የወረደችው ሩዋይዳ ትባላለች፤ ሱሉልታ ከአዲሶቹ ቪላዎች ባንዱ የምትኖር፣ ቤተሰቦቿ በጨርቅ ንግድ የታወቁ፣ አንደበቷ የለሰለሰ ሴት። አርባ የሚሆኑ ሴቶች ሰብስባ ማኅበር አቋቁማለች። ዕቁብ አይደለም፣ ዕድር አይደለም። እያንዳንዷ ሴት ለአዲሱ ዓመት አንድ ቅጠል ትመርጥና ያ ቅጠል ዓመቱን ሙሉ ይመራታል። ትተክለዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ትጠጣዋለች፣ ጠዋት ጠዋትም ታናግረዋለች። ድንቅቱ ጆሮዋን ተጠራጠረች። በስልሳ ዓመቷ ቅጠል ሲመራው ያየችው ፍየልን ብቻ ነው።

ሩዋይዳ ደብተሯን ገልጣ የየቅጠሉን ጠባይ መጠየቅ ጀመረች። ጦስኝ ለምን ዓይነት ሴት ይስማማል? ኮሰረትስ ትዕግሥት ያስተምራል? ድንቅቱ፣ ኮሰረት የሚያስተምረው ቅቤ ማንጠር ነው አለቻት። ሩዋይዳ ጻፈችው። በሶብላ ብቻውን ሲተው ይከፋዋል፣ ሽሮ አጠገብ ካልሆነ ደስ አይለውም አለቻት። ይህንንም ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። ድንቅቱ እንዲህ ያለ ደስታ ካገኘች ቆይታለች። የተናገረችውን ሁሉ አምኖ የሚጽፍ ሰው! እንዲህ ያለ ጅል ቡራዩን ሙሉ ቢያስሱ አይገኝም።

በመጨረሻ ሩዋይዳ፣ ለብዙዎቹ የሚሆን፣ ሰውነት የሚጠግንና ሴትን የሚንከባከብ አንድ ዋና ቅጠል እንድትመርጥላት ለመነቻት።

«ስሙ ራሱ ጤና አይደል እንዴ? ጤና አዳም ውሰጂ» አለች ድንቅቱ። «አንድ ጭብጥ ሙሉ አፍልታችሁ ጠዋት በባዶ ሆድ ጭልጥ ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲያ እንኳን ቅጠሉ ዓመቱም ይመራችኋል።»

ጤና አዳም ቡና ላይ ወይም አይብ ላይ አንዲት ቅንጣቢ ጣል ይደረጋል እንጂ በጭብጥ እንደማይፈላ ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ቀልዱም እሱ ነበር። ሩዋይዳ ግን «በባዶ ሆድ» ብላ ጻፈች፣ አመሰገነች፣ ሁለት ካርቶን ሙሉ ችግኝ አስጭና ተነሳች። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል አንድ ነገር ድንቅቱ አፍ ላይ መጣ። ነፍሰ ጡር እንዳትነካው ልትል ነበር። እናቷ ይህን ቅጠል ለነፍሰ ጡር አጥብቃ ትከለክል ነበር፤ በብዛት የተጠጣ እንደሆነ ፅንስ ያወርዳል። ግን ሳቋ ቀደመ። እነዚህ እንደሆኑ ለራስ ምታታቸውም ሐኪም አላቸው፣ እኔን ምን አገባኝ ብላ በሯን ዘጋች።

ጳጉሜን አለቀች። በየዓመቱ ሚልኬሳ በዋዜማው መጥቶ ችቦ ያበራላት ነበር። ዘንድሮ ደወለና ላሊሴ ስለደከማት እንደማይመጡ ነገራት። ድንቅቱ ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ለፈለፈች። ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋል ደግሞ ያደክማል? አንድ ልጄን ወሰደች፣ አሁን በዓሌንም ልትወስደው ነው። በመስከረም አንድ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ድፎ ዳቦና አይብ ይዛ ታክሲ ተሳፈረች። አዲሱ ገበያ ወርዳ የሱሉልታውን ያዘች። ዳገቱን ሙሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ሄደች፤ ስትደርስ ለአንድ ዓመት የሚበቃ አሽሙር አጠራቅማ ነበር።

በሩን የከፈተላት ሚልኬሳ ነው። ደንግጦ ጉልበቷን ሳመ። ላሊሴ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ነበር፤ ልትነሳላት ስትል አንድ እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። የልጅ ልጅ የጠማት ሴት ዓይን ይህ አያመልጠውም። ድንቅቱ ያጠራቀመችው አሽሙር ሁሉ ጠፋባት።  ስንት ወር ሆነሽ ልትል አፏን ስትከፍት ነው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ያየችው።

ጤና አዳም ነው። ከራሷ ጓሮ የወጣ፣ ግንዱን እንኳ የምታውቀው፣ በቀይ ሪባን የታሰረ ማሰሮ ውስጥ ተተክሎ። አጠገቡ በትልቅ ብርጭቆ የተቀዳው አረንጓዴ ውሃ እንዲበርድ ተቀምጧል። ማሰሮው ላይ ካርድ ተለጥፏል። ድንቅቱ በመሠረተ ትምህርት የተማረችውን ፊደል እየለቀመች አነበበችው። «የአዲሱ ዓመት መሪዬ» ይላል፤ ከሥሩም «አንድ ጭብጥ፣ በባዶ ሆድ፣ ጭልጥ።»

አትጠጪው አለቻት። ድምፅዋ እንደ ልማዷ የቁጣ ነበር።

ላሊሴ ከዚያች ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይን ለዓይን አየቻት። የእኔ ነገር ሁሉ ለእርስዎ ቀልድ ነው አለቻት። ያን ጊዜ ቫይታሚኑን ከረሜላ ብለውታል፣ ሆዴን በመሣሪያ ያየውን ሐኪም ፎቶ አንሺ ብለውታል፣ አሁን ደግሞ ተራው የቅጠሉ ነው። አዎ፣ ሦስት ወር ሆኖኛል፤ የደበቅሁዎትም አፍዎን ፈርቼ ነው። ይህን ያዘዙልን ደግሞ የማኅበራችን ሩዋይዳ ቡራዩ ድረስ ሄዳ ያገኘቻቸው አዋቂ ሴት ናቸው፤ ስማቸውን ባላውቅም ለሰው ክፉ የሚያስቡ አይመስለኝም። ይህን ብላ ብርጭቆውን አነሳች።

ድንቅቱ እጇን ዘርግታ ልትቀማት ፈለገች። ግን ይህን ብትደፋው ነገ ሌላ ታፈላለች፤ ጭራሽ እልህ ትገባለች። ያለቻት መንገድ አንዲት ናት፣ እሷም ከሞት አትሻልም።

«አዋቂዋ እኔ ነኝ» አለች። «እያሾፍኩባቸው ነበር። ነፍሰ ጡር እንደማትጠጣው እያወቅሁ፣ ልናገር ብዬ ሳቄ መጥቶ ተውኩት። ፅንስ ያወርዳል፣ ላሊሴ። በሞቴ አስቀምጪው።»

ላሊሴ ብርጭቆውን አስቀመጠችው። 

«የእኔን ማህፀን ወንፊት አሉት» አለች ቀስ ብላ። «ለማያውቋቸው ሴቶች ደግሞ ይህን ሰጡ።»

ከዚያ ሚልኬሳን ዞር ብላ አየችውና ለመለማመድ እንዲሆን ተብሎ ከጳጉሜን አራት ጀምሮ ሁለት ጠዋት መጠጣቷን ነገረችው። ድንቅቱ ያ ዋቃ፣ አምላኬ ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያመጣችው ዳቦ እንደተጠቀለለ ጭኗ ላይ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እያለች ስንቱን ተርታበታለች። የራሷ አፍ ግን ሲያመልጥ ታውቋት ነበር፤ በሯን ዘግታ ነው የሸኘችው።

ሚልኬሳ የጎረቤት ባጃጅ ሊጠራ ሲሮጥ ድንቅቱ የላሊሴን ስልክ ለመነች። የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ ቴሌግራም ላይ አሉ። ላሊሴ መናገሪያውን ተጭና ያዘችላት። ድንቅቱ የቡራዩዋ ቅጠል ሻጭ እሷ መሆኗን፣ የተናገረችው ሹፈት እንደነበር፣ ማንም እንዳይጠጣው፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ያለች እንደሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ተናገረች። ሁለት ጊዜ ድምፅዋ ተሰብሮ እንደገና ጀመረች። ሩዋይዳ ወዲያው የአበባ ሥዕል ላከች፤ ገና ሳትሰማው መሆን አለበት። ቀጥሎ ከአርባዎቹ አንዲቱ፣ እኔም የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ ብላ ጻፈች። የአበባው ሥዕል ጠፋ።

ተረኛው ክሊኒክ የነበረችው ሐኪም ልጅ እግር ናት፣ ጸጉሯን ቀይ የተቀባች። ላሊሴን አስተኝታ ምን እንደጠጣች፣ ስንት ቀን እንደጠጣች ጠየቀች። ከዚያ ይህን ማን እንዳዘዘላት ጠየቀች። ላሊሴ ዞር ብላ አማቷን አየች። አስተያየቷ ከስድብ ይልቅ ድንቅቱን አነደዳት።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሐኪሟ ዞራ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አለች፤ እማማ፣ ቅጠል የበጠሰ ሁሉ ሐኪም ከሆነ እኛ ሰባት ዓመት ምን ስንሠራ ነበር አለች፤ ሌላም ሌላም አለች። በቡራዩ ድንቅቱን እንዲህ ደፍሮ የተናገራት የለም። ስለ ሐኪሟ ጸጉር የምትለው ነበራት፤ ከዛገ ቆርቆሮ ጋር የተያያዘ፣ ያማረ ነገር። ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«ልክ ነሽ ልጄ» አለች።

ሐኪሟ መሣሪያውን ላሊሴ ሆድ ላይ አድርጋ ፈለገች። ቆየች። ሚልኬሳ የአልጋውን ብረት ጨብጧል። ድንቅቱ ጥግ ቆማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰች። ኋላ ከመሣሪያው አንድ ድምፅ መጣ፤ ፈጣን፣ ዱቄት በወንፊት ሲነፋ የሚሰማው ዓይነት፣ እሽ እሽ እሽ የሚል። ልቡ እየመታ ነው አለች ሐኪሟ፤ ደም ካየሽ በፍጥነት ትመጫለሽ፣ ካላየሽ በሳምንቱ። ላሊሴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ድንቅቱም አለቀሰች። ድምፁ ምን እንደሚመስል ግን ለማንም አልተናገረችም፤ እስከ ዛሬም አልተናገረችም።

ከክሊኒኩ ሲወጡ ሚልኬሳ ባጃጁን ሊያስጠጋ ቀደማቸው። ላሊሴ እርምጃዋን ቀንሳ አጠገቧ ቆመች። ፊቷ ገና አልፈታም።

«የዛሬ ሳምንት ይምጡ» አለቻት። «አፍዎን ግን ቤት ትተውት ይምጡ።»

«እሺ» አለች ድንቅቱ። ሌላ አልጨመረችም።