ለደከመ እጅ የሚሆን ሽጉጥ

ዶርሲ ፕሩዊት ዕድሜውን በአርካንሳስ ተራሮች የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የፈጀ ሰው ነው። እጁ ብረት ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን ቁርጥማት ያዘው፤ ቁርጥማት ደግሞ ድሮ ጉልበተኛ ነበርክ ብሎ አያዝንም።

ነገሩ የለየለት አባቱ ባወረሱት ባለ አርባ አምስት ካሊበር ሽጉጥ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ጥይት ሊያቀባብል የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ቢስበው እምቢ አለው። ጥርሱን ነክሶ ደገመ። ሕመሙ ከጣቱ ተነስቶ ክንዱ ድረስ ዘለቀ እንጂ ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ሳያቀባብል ወገቡ ላይ ሻጠው፣ ሸሚዙን አለበሰበትና ወጣ።

ከዚያ ወዲህ የሚዞረው የማይተኩሰውን ብረት ተሸክሞ ነው። ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኢላማ ሲጠሩት አንዴ ወገቤን ይላል፣ አንዴ ላሟ ልትወልድ ነው ይላል። የሚፈራው ሆይትን ነበር። ሆይት ቁርስ ቤት ተቀምጦ አነስ ያለ ሽጉጥ የያዘውን ሁሉ ሲያብጠለጥል የሚያረፍድ ሰው ነው። "ሦስት ሰማንያ ካሊበር? እሱ እኮ ጥይት አይደለም፣ ማሳከኪያ ነው" ይላል፤ ጠረጴዛው በሙሉ ይስቃል።

አንድ ምሽት ዶርሲና ሚስቱ ኔልዳ ከልጃቸው ቤት ሲመለሱ ነዳጅ ሊቀዱ ቆሙ። ሁለት ሰካራሞች መኪናቸውን እየዞሩ ሲሳደቡ ቆይተው ሄዱ።

"አንተ ታጥቀህ ስለነበር ምንም አልፈራሁም" አለችው ኔልዳ።

ዶርሲ መኪናውን አስነሳ። ቃሏ እንደ እሾህ ተሰካበት።

በማግስቱ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ብሎ ሌላ ወረዳ ድረስ ነዳና አንድ የጦር መሣሪያ መሸጫ ገባ። ባለቤቷ ትዋይላ የምትባል ጠና ያለች ሴት ናት።

"ተደብቃ የምትያዝ ትንሽ ሽጉጥ ፈልጌ ነበር። ለባለቤቴ ነው" አላት።

"እጃቸው እንዴት ነው?"

"ይቆረጥማታል።"

ትዋይላ መጀመሪያ መዳፍ የማትሞላ አወጣች። "ይቺ ኪስ ትገባለች። ግን በጣም ቀላል ስለሆነች እንደ በቅሎ ነው የምትራገጠው። ምቱን የሚችል ብረት የላትም፤ ሁሉም እጅ ላይ ያርፋል።" ቀጥላ ባለ ዘጠኝ ሚሊሜትር ሰጠችው። ጥይቱ ጥሩ ነው፣ ስፕሪንጉ ግን ጠንካራ ነው አለች። ዶርሲ ሳበው፤ ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ትዋይላ ያበጡትን ጣቶቹን አየችና ሽጉጡን ወደ ቦታው መለሰችው።

ሦስተኛዋ ወፈር ያለች፣ መያዣዋ እጅ የሚሞላ ባለ ሦስት ሰማንያ ነበረች። "እስቲ ይቺን ይሳቧት።"

እንደ መሳቢያ ሸርተት ብላ ተከፈተች። ዶርሲ ደግሞ ሳባት። ደግሞ። ደረቱ ላይ ተቀምጦ የከረመ ነገር ተነሳለት።

"ግን ሦስት ሰማንያ ሰው ያስቆማል?"

"ኢላማ ከሚስተው አርባ አምስት የሚመታ ሦስት ሰማንያ ይሻላል። ደህና ጥይት እኔ እመርጥልዎታለሁ።"

ይህን ጊዜ የጓሮው ተኩስ ቦታ በር ተከፈተና የጆሮ መከላከያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ወጣ። ሆይት ነው። ሁለቱም ደርቀው ቀሩ።

"እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለ ሆይት።

"ለሚስቴ ሽጉጥ ልገዛ።"

"እኔ እንኳ እንዳንተ እንዳልዋሽ ሚስት የለኝም።" ሆይት የያዘውን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የሦስት ሰማንያ ጥይት ነው። "ትከሻዬን ቀዶ ጥገና ከተደረግሁ ወዲህ ሌላ መሳብ አልችልም። ሁለት ዓመቴ።"

"ታዲያ ማሳከኪያ ስትል የከረምከው?"

"እንዳትጠረጥሩኝ ነዋ፣ አንተ ጅል።"

ዶርሲ ሳቁ አመለጠው። ሆይትም ተከተለው፤ ጠረጴዛውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ጓሮ ገቡና ዶርሲ በመሞከሪያዋ ተኮሰ። ጥይቱ ሁሉ ከኢላማው የደረት ምስል አልወጣም፣ ጣቱም ዝም አለ።

አዲሷን ሽጉጥ ይዞ ቤቱ ሲገባ ለኔልዳ ሁሉንም ነገራት።

"እና ያን ምሽት ነዳጅ ማደያው ላይ?"

"አልተቀባበለም ነበር።"

"ቢመጡብንስ ምን ልታደርግ ነበር?"

"ብረቱን እወረውርባቸው ነበር።"

ኔልዳ ልትቆጣው ፊቷን ካጨማደደች በኋላ አልቻለችም፤ ሳቀች። "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ብትደብቀኝ እኔ ነኝ የምወረውርብህ" አለችና እራት አቀረበች።

ዶርሲ ከስንት ጊዜ ወዲህ በልቶ የማያውቀውን ያህል በላ። ቅዳሜ ጠዋት ሆይት ለኢላማ ሊወስደው መጥቶ ከበር ላይ የመኪናውን ጥሩምባ ሲነፋ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ቀድሞ ወጣ።